የአንድ ቤት ልጆች

በወረዳ አርባ፣ ሰው አምስት ዓመት ሲሞላው አስር ዓመት ይሆነዋል። እስከዚያ ድረስ ዜሮ ነው። ዜሮ ልጅ አምባር አይታሰርለትም፣ ዳቦ አይወጣለትም፣ በቆጠራ ሰዓት ከበር ውጭ ቢያለቅስም ባያለቅስም ለውጥ የለውም። አምስት በሞላ ማግስት ግን ወላጆቹ ጎረቤት ይጠራሉ፣ «አስር ገባ!» ተብሎ እልል ይባላል፣ ልጁም አምባሩን አጥልቆ ትምህርት ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ አስራ አምስት እስኪሞላው አስር ዓመቱ ነው፤ በአስራ አምስተኛው ልደቱ ሃያ ይሆንና ሥራ ይመደባል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ግራ ያጋባል፤ ኋላ ግን ይለመዳል። በዚህ አገር የማይለመድ ነገር ገና አልተፈጠረም።

መምህርት እልፍነሽ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። በወግ ሲጠራ ሃምሳ። እሷ ግን ግትር ናት፤ ዕድሜዋን የጠየቃት ሁሉ «አርባ ስድስት» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሰሚውም በሰው ፊት ነውር ነገር እንደ ሰማ ሰው ወደ መሬት ያያል። እናቷ እልፍነሽ ያሏት አስር ሺህ ልጅ የምታህል አንድ ልጅ ናት ብለው ነው። ጎረቤት «አንዷን ይዘሽ እልፍ ትያለሽ እንዴ?» ብሎ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። ያ ጊዜ በአንድ ሰው የሚቀለድበት፣ አንድ ሰውም ቁጥር የነበረበት ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። መጀመሪያ አንድ ለአምስት ነበር፦ ገበሬ ከገበሬ፣ ተማሪ ከተማሪ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይደራጅ ተባለ። ቆይቶ አምስት ትንሽ ነው ተባለና አንድ ለአስር ሆነ፤ አስሩም አንድ ላይ ችቦ ተባሉ። በየግድግዳው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተጻፈ። ውሃ፣ ዳቦና መድኃኒት ለችቦ እንጂ ለሰው መታደል ቀረ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ማደል ብዙ ሥራ ነዋ! ቀጥሎ ችቦ ያልሞላው ትራፊ ምን ይሁን የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱ ከሕፃናት የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ተገኘ፤ ይጠጋጋ ተባለ። የተረፈው አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ ይጠጋል፣ እንደ ሙሉ አስር ይቆጠራል። አራትና ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ታች ይጠጋል፣ እንዳልነበረ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሐል ክፉ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም።

ወደ ታች የተጠጉትን ሰኞ ሰኞ ግራጫ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል። ከሌላ ቦታ ትራፊዎች ጋር ተደምረው ችቦ ይሞላሉ፣ ሰው ወደ ጎደለበት ይላካሉ ነው የሚባለው። የት እንደ ጎደለ የሚያውቅ የለም። ሄዶ ቃል የላከም የለም። ሰዎች ስለ እነሱ ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እገሌ እኮ ተጠጋ» ይላሉ፤ ድሮ «አረፈ» ይባል በነበረበት ድምፅ።

ስለዚህ በወረዳ አርባ ጎበዝ አለቃ ማለት ሰዎቹን አምስት ላይ የሚያቆም ነው። ሠላሳ አምስት ሰው ካለህ አርባ ትባላለህ፣ የአርባ ዳቦ ይመጣልሃል፤ ትርፉን እንደ ጸባይህ ታደርገዋለህ። ፋብሪካውም፣ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ለጎረቤቱ አንድ ሰው ሊያበድር የሚችል የለም፤ ያበደረ እለት የራሱ አራቱ ይሄዳሉ። የእልፍነሽ ሁለተኛ ክፍል ሠላሳ አምስት ልጆች ነበሩት። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ በበሩ ሲያልፉ በሩ በዚያ ሁልጊዜ ደስ ባለው የሴት ድምፁ «ሁለተኛ ክፍል፣ አርባ! እንኳን ደስ አላችሁ!» ይላል። መምህራኑ የሚገቡት በሌላ በር ነው። አስራ አምስት ናቸው፤ ለእነሱም «መምህራን፣ ሃያ!» ይላል። እልፍነሽ ይህን ስትሰማ ብቻ ነው እፎይ የምትለው።

የምታስተምረው ሒሳብ ነው። የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ «ሙሉ ቁጥር ማለት በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የቤቶቹ ሠንጠረዥ ይመጣል፦ የመቶ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የአንድ ቤት። የአንድ ቤት ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ከሥሩ «ዝግ ነው» የሚል አለ። ለመጪው ዓመት የሚሆን መጽሐፍ ናሙና ደርሷት ነበር፤ በእሱ ላይ የአስር ቤትም ግራጫ ነው። ማተሚያ ቤቱ ቀለም አብዝቶ ይሆናል ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ «የሰውነት ማጠንከሪያ» ተብሎ በተጻፈው ሰዓት ግን ልጆቹን ይዛ ወደ ሜዳው ትወጣለች። መሬቱ ላይ በኖራ ሦስት ቤት ታሰምራለች። የቀኙ የአንድ ቤት ነው፣ መሐሉ የአስር፣ የግራው የመቶ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ቀኙ ቤት ይገባሉ። አስር ሲሆኑ ቤቱ ይጠባቸዋል፣ ይጋፋሉ፣ ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ በሻሽ ታስራቸውና አስሩ እንደ አንድ ሰው እየዘለሉ ወደ መሐሉ ቤት ይሄዳሉ። እየወደቁ፣ እየተነሡ። ለሚያይ ሰው ስፖርት ነው። እሷ ግን ሲዘሉ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል፤ እነዚህ ልጆች አንድ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ በኖራ መስመር ውስጥ ብቻ ነውና።

ከልጆቹ አንዷ ማኅደረ ናት። ግራ እግሯ ከውልደቷ ጀምሮ ያጥራል፤ ታስሮ መዝለል አትችልም። ስለዚህ በጨዋታው ዜሮ እሷ ናት። አንድ ቀን እልፍነሽ ሦስት ልጆች በመቶ ቤት፣ አምስት ልጆች በአንድ ቤት አቆመችና ማኅደረን ባዶው መሐል ቤት ውስጥ አስገባቻት።

«ስንት ሆነ?»

«ሦስት መቶ አምስት!» አሉ ልጆቹ።

«ዜሮ! ዜሮ!» ብሎ ጮኸ ቶማስ የሚባለው ፈጣኑ ልጅ፣ ማኅደረን እያሳየ።

«ዝም በል! ዜሮ ስድብ አይደለም» አለች እልፍነሽ። «ማኅደረ ቤት ጠባቂ ናት። እሷ ከወጣች እነዚህ ሦስቱ መቶዎች ሸርተት ብለው የአስር ቤት ይገባሉ። ሦስት መቶ አምስት የነበረው ሠላሳ አምስት ሆኖ ያርፋል። ባዶ እጇን ቆማ ከግራዋ ያሉትን ሁሉ የያዘቻቸው እሷ ናት። አይደለም እንዴ?»

ማኅደረ ደስ አላት፤ አጭሩን እግሯን በጣቱ አስቁማ ቀጥ አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ከግራዬ ማንም ባይኖርስ?»

«ከግራሽ ማንም ከሌለማ የምትጠብቂው የለም። ያኔ አትጻፊም።»

«እሺ» አለች ማኅደረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜሮ ሆና በቆመች ቁጥር አስቀድማ ወደ ግራዋ ታያለች።

በጥር ወር አቧራው ሲነሣ ይትባረክ የሚባለው ልጅ ሳል ጀመረው። ረቡዕ ዕለት አልመጣም። ሐሙስ ዕለት አረፈ። ለቅሶው ቤት ዕድሩ በደንቡ መሠረት አስር አስር ሰው እያስገባ አስለቀሰ። እልፍነሽ ከሦስተኛው ችቦ ጋር ገብታ እናቱን አቅፋ አለቀሰች። እንባዋ የእውነት ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ዳሩ ግን እያለቀሰች ሳለ ውስጧ አንድ ድምፅ «ሠላሳ አራት» አላት፤ ራሷን ጠላችው።

ሠላሳ አራት ማለት ሠላሳ ነው። አራቱ ይጠጋሉ። የትኞቹ አራት እንደሆኑ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ ሰኞ ጠዋት በበሩ መጨረሻ የሚገቡት።

ዓርብ ዕለት ልጆቹ ሜዳው ላይ የመቶውንም የአስሩንም ቤት ትተው ሩጫ ሲለማመዱ አገኘቻቸው። ከአጥሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ማኅደረ ከኋላ እያነከሰች ትከተላለች። ቶማስ በክርኑ ገፍቷት አለፈ።

«ቶማስ! ና ወዲህ! ምን አደረገችህ?»

«ምንም» አለ ልጁ እያለከለከ። «ግን ቲቸር፣ እኔ የአስር ቤት ነኝ። እሷ የአንድ ቤት ናት።»

እልፍነሽ ልትቆጣው አልቻለችም። ሙሉውን ዓመት ያስተማረችው ይህንኑ ነበር። ትምህርቱ ገብቶታል።

የማኅደረ እናት ስንዱ እዚያው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ናት። ሁልጊዜ ልጇን እስከ ልጆቹ በር ታደርስና ዞራ በመምህራን በር ትገባለች፤ ስለዚህ ከመምህራኑ መጨረሻ የምትገባ እሷ ናት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እልፍነሽ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ገባች። አልተቀመጠችም።

«እልፌ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ተሸክመሻት ብትሮጪስ?»

«በገዛ እግሩ ያልገባ አይቆጠርም። በሩ ተሸክመሽ ያለፍሽውን አያየውም።» ስንዱ ዓይኗን ጠረገች። «ከሌላ ክፍል አንድ ልጅ ብለምንስ? ሁሉም አምስት ላይ ናቸው። አንዱን ሰጥቶ አራቱን ማን ይሰጣል? እኔስ ብሆን እሰጣለሁ?»

«እኔ በልጆቹ በር ብገባስ?» አለች እልፍነሽ።

ስንዱ ዞር ብላ አየቻት። እልፍነሽ በመሳቢያዋ ያሉትን የጭራሮ ስባሪዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በተነች፤ ድሮ የአንድ ቤት ክፍት በነበረ ጊዜ ትጠቀምባቸው የነበሩትን። ሠላሳ አራት ለልጆቹ፣ አስራ አምስት ለመምህራኑ። አንዷን ጭራሮ ከመምህራኑ አንሥታ ወደ ልጆቹ ወሰደች።

«ሠላሳ አምስት። አርባ ተባሉ፤ ማኅደረ ተረፈች።» ከዚያ ወደ መምህራኑ አየች፤ አስራ አራት። አስሩን ለየች፤ አራት ጭራሮ ቀረ። የአራቱ መጨረሻ ማን እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። ስንዱ እጇን በዚያች ጭራሮ ላይ አሳረፈች።

«ትሁን» አለች። «እሷ ትትረፍ እንጂ እኔ ልጠጋ።»

«ሌሎቹ ሦስቱስ?»

ስንዱ እጇን ከጭራሮዋ ላይ አነሣች። እልፍነሽ እንደገና ወደ ጭራሮዎቹ አጎነበሰች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እሷም የጨነቀው እጅ ነበራት፣ ዝም ብሎ ጭራሮ የሚያመላልስ። ሁለተኛ አነሣች። ሦስተኛ። አራተኛ። አምስተኛውን ስታነሣ እጇ ቆመ።

ሠላሳ አራትና አምስት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ ይባላል። ከአስራ አምስት አምስት ሲነሣ አስር። አስር አስር ነው። ማንም አልተረፈም፤ ማንም አይሄድም።

«ስንዱ!» አለች። «አምስት ሰው ነው የሚያስፈልገን! አምስት ብቻ!»

ይህችን ነገር ለማግኘት የአንድ ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። በትምህርት ቤቱ ደግሞ በአንድ ቤት አጣርቶ የሚያሰላ ከእልፍነሽ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው መምህር ጌራወርቅ። የቀሩት ሁሉ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ የተማሩ ናቸው፤ አምስትን የሚያውቁት ለማጠጋጋት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መምህራኑን ሰበሰበች። ጭራሮዎቹን ዘርግታ አንድ በአንድ አስረዳች። አብዛኞቹ እጇን እንጂ ጭራሮውን አላዩም፤ ምትሃት የምትሠራ ይመስል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ባንቲደር ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትሑት፣ ሁልጊዜ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነው።

«ይቅርታ መምህርት» አለ። «እኛ ስንት ነን?»

«አስራ አምስት ነን፣ አቶ ባንቲደር።»

«ሃያ» አለ፣ በትሕትና እያረማት።

«እሺ፣ ሃያ ይሁን። አምስታችን በልጆቹ በር ብንገባስ?»

ባንቲደር ጣቶቹን አጥፎ ዘረጋ። ከልቡ እያሰላ ነበር። «ከሃያ ላይ አምስት ሲነሣ... አስራ አምስት። ሲጠጋ ሃያ።» ፊቱ በራ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ምንም አይጎድልብንም እኮ!»

እልፍነሽ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ስሌቱ ከሥር እስከ ጫፉ ስህተት ነው፤ መልሱ ግን እሺ ነው። ይህን የመሰለ ስህተት ለማረም ልቧ እምቢ አላት። 

መምህር ጌራወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በወግ ስድሳ። ከጥቂት ወራት በኋላ ባንዴ ሰባ ሊሆን ነው።

«ልጄ፣ ሒሳቡ ልክ ነው» አለ። «እኔ የምፈራው ሰውን ነው። አንዳችን በሩ ላይ ፈርተን ብንመለስ ወዲያ በር አስራ አንድ ይሆናሉ፤ አንዱ ይጠጋል። ሁለታችን ብንመለስ ሁለት ይጠጋሉ። ደግሞ በልጆቹ በር የገባ ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ነው የሚቆጠረው። የልጅ ዳቦ ይበላል፣ ዕድሜው አስር ይባላል። በዚህ ሽበት አስር ዓመት ልባል ነው?»

«ይከብድዎታል፣ ጋሽ ጌራ?»

ሽማግሌው የእጁን አምባር አንዴ አዞረ። ከዚያ ሳቀ። «አይ! ያስቀኛል እንጂ። እናቴ ብታየኝ እንዴት በሳቀች። ጻፊኝ ባልኩሽ ነበር፣ ግን ለመጻፍ የአንድ ቤት የለም። በልብሽ ያዢኝ።»

ስንዱ ሁለተኛ ሆነች፣ እልፍነሽ ሦስተኛ። የስፖርት መምህሩ ጉልላት ነገሩ ባይገባውም «ሩጫ ካለበት እኔ አለሁ» ብሎ አራተኛ ሆነ። አምስተኛውን ጠየቀች። ሁሉም ጫማውን ያያል። በወረዳ አርባ ልጅ ሆኖ መማር ማለት ከችቦህ አትውጣ የሚለውን መማር ነው፤ ይህ ከሒሳብ በፊት ይገባል። እልፍነሽ አልፈረደችባቸውም። በአራት ሰው ቀረ ማለት ግን ወዲያ በር የሚጠጋውን አስራ አንደኛ ራሷ መረጠች ማለት ነው።

ያን ጊዜ አቶ ባንቲደር እጁን አወጣ። «እኔ ልሙላ» አለ። «ለሃያ ምንም ካልጎደለበት፣ ልጆቹ ለምን ይጎድላሉ?»

እልፍነሽ ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው። አለቃዋ መሆኑን ረስታ ነበር፤ እሱም አፍሮ ሸሚዙን አስተካከለ።

እሑድ ዕለት ስንዱ ቤት አምስቱም ምሳ በሉ። ሽሮው ቀጭን ነበር፤ ጨዋታው ግን ወፍራም ነበር። ጉልላት ጋሽ ጌራን «አስር ዓመት ሲሞላህ ምን ትሆናለህ?» እያለ ያሾፍበት ነበር። ማኅደረ በአጭሩ እግሯ እየዞረች ውሃ ቀዳች። እልፍነሽ ያን ቀን በልቧ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» የሚለውን አሰበች፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ሁሉ ውሸት አይደለም ማለት ነው ብላ ደስ አላት። ከብዙ ዓመት በኋላ ደስ አላት። ያን ደስታ መናገር የሚያስፈልገው ኋላ የመጣው እንዳይሸፍነው ነው።

ሰኞ ጠዋት ብርድ ነበር። ግራጫው መኪና በጊዜው መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ልጆቹ ሲሮጡ እልፍነሽ «ቀስ! ቀስ በሉ! ዛሬ መሮጥ አያስፈልግም!» ብላ ጮኸች፤ ማን ይሰማታል? ተገፋፍተው፣ ተረጋግጠው ገቡ። ቶማስ አንደኛ ነበር። መጨረሻ ላይ ማኅደረ እያነከሰች አለፈች። ከኋላዋ ስንዱ፣ ከስንዱ ኋላ ጉልላት፣ ጋሽ ጌራወርቅ፣ አቶ ባንቲደር። እልፍነሽ ሁሉንም አሳልፋ የመጨረሻዋ ሆና ገባች። አንድም የፈራ የለም። አንድም የተመለሰ የለም። ወዲያ በመምህራን በር አስሩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያልፉ አየቻቸው፤ ቅዳሜ ጫማቸውን ሲያዩ የነበሩት ናቸው። ቆጠረቻቸው። አስር ናቸው። ልክ አስር።

በሩ እንደ ወትሮው ወዲያው አልተናገረም። ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ያው ደስ ያለው ድምፅ መጣ።

«እንዴት አደራችሁ! ኑሯችሁን ለማቅለል የተጀመረው ሥራ ቀጥሏል። ከዛሬ ጀምሮ የአስር ቤት ዝግ ነው። ቆጠራው በመቶ ብቻ ይሆናል። አንደኛ ክፍል፣ ዜሮ! ሁለተኛ ክፍል፣ ዜሮ! ሦስተኛ ክፍል፣ ዜሮ! መምህራን፣ ዜሮ! እንኳን ደስ አላችሁ!»

ልጆቹ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲባል ማጨብጨብ ስለለመዱ አጨበጨቡ።

እልፍነሽ መሳቢያዋ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ታወሳት። ቀለም የበዛበት አልነበረም። ከሃምሳ በታች የሆነ ሁሉ ወደ ታች ይጠጋል፤ በትምህርት ቤቱ ደግሞ ሃምሳ የሞላ ክፍል የለም። አምስቱን ወዲህ ብታመጣ፣ አስራ አምስቱንም ብታመጣ ያው ነበር፤ እነሱን ትታ ይትባረክን ከመቃብር ብታስነሣውም ያው ነበር። ከኮረብታው ወዲያ ካለው የሸማ ፋብሪካ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከዳቦ ቤቱ ያው የሴት ድምፅ በነፋሱ ይሰማል፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ መቶ፣ ዜሮ።

«ሃያ ነን እኮ» አለ አቶ ባንቲደር ወደ በሩ እያየ። «ምናልባት አልሰማንም ይሆናል። ሃያ ነን እኮ።»  ጋሽ ጌራወርቅ ትከሻውን ያዘው።

በመንገዱ መታጠፊያ ግራጫ መኪኖች ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዱ ሌላውን ተከትሎ፤ ጫፋቸው አይታይም። የመጀመሪያው ሹፌር ወርዶ፣ እንደ ማንኛውም ሹፌር አቧራውን ከሱሪው እያራገፈ፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ እንዲሰለፉ ለመነ። በትሕትና ነው የለመነው፤ ብዙ ቦታ እንደሚቀረው ተናገረ። ልጆቹም መምህራኑም ተሰለፉ። ስንዱ ልጇን ልትሸከማት ጎንበስ አለች፤ ማኅደረ ግን እምቢ አለች። ተቆጥራ ያለፈችው በገዛ እግሯ ነው፤ በገዛ እግሯ መቆም ፈለገች።

ረድፉን ሲጀምሩ ማኅደረ በግራው ጫፍ ቆማ ነበር። ከኋላዋ ያለውን መሬት አየች፣ በሜዳው ላይ የዓርብ ኖራ ገና አልጠፋም። አጭሩን እግሯን በጣቱ አስቁማ ቀጥ አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ግራዋ ዞራ አየች።

«ቲቸር» አለች። «ከግራችን ማን አለ?»

እልፍነሽም ዞራ አየች። ክፍቱ በር አለ፣ ከበሩ ወዲያ መንገዱ አለ፣ በመንገዱ ላይ አቧራ አለ። ሌላ ምንም የለም።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ቤት ጠባቂ» አለቻት፣ እጇንም ያዘች።